ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ ደሴ ላይ መሥራት ይቻላል? የምጽፈው አማርኛ ነው

ጸሐፊዋ_ከፒያሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ጽሕፈት ነው የምሠራው። ጠዋት የክስ ማመልከቻ፣ ከሰዓት የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ መሀል ላይ የእድር ደብዳቤ፤ ብቻ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ስጽፍ ነው የምውለው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የግራ እጄ አንጓ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ማታ ማታ ያቃጥለኛል። ጠዋት ደግሞ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጣቶቼ እስኪፍታቱ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ መኖሩን ያወቅኩት በቪዲዮ ነው። ግራው ለብቻ፣ ቀኙ ለብቻ፣ መሀሉ ባዶ። ዋጋውን ስሰማ ግን ዝም አልኩ። ማስመጫው፣ ቀረጡ፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው መለመኑ ሲደመር የማይሆን ነገር ነው። ከዚያ ሰዎች ራሳቸው ቤታቸው ሲሠሩት አየሁና ልቤ ተነሣ። ታናሽ ወንድሜ ሞባይል ጠጋኝ ስለሆነ መበየጃ አለው፣ እጁም ደህና ነው። እኔ ፕሪንተርና ጊዜ አለኝ (ጊዜው ውሸት ነው)።

ዕቃው እዚህ ይገኛል ወይ? እንጨቱን ወይም ፕላስቲኩን ማን ይቆርጥልኛል? ዋናው ጥያቄዬ ደግሞ፣ አማርኛ ይጽፋል ወይ? የማያቸው ሁሉ የሚያወሩት ስለ እንግሊዝኛ ነው። የሠራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ። "ዝም ብለሽ ግዢ" የምትሉኝ ገንዘቡን አብራችሁ ላኩልኝ።


ሐረጎ_ቁልቁል፦

እህቴ፣ ምንም ነገር ሳትበይጂ መጀመሪያ ይህን ሞክሪ። ሁለት ተራ ኪቦርድ አምጪና ሁለቱንም አንድ ኮምፒውተር ላይ ሰኪ። በግራው ላይ ግራ እጅሽን ብቻ፣ በቀኙ ላይ ቀኝ እጅሽን ብቻ አሳርፊ። ዊንዶውስም ሊኑክስም ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚቆጥሯቸው። በአንዱ ሺፍት ይዘሽ በሌላው ፊደል ብትመቺ ይሠራል። (ማክ ላይ እንዲህ አይሆንም። ደሴ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማክ ካለ ግን ንገሪኝ፣ መጥቼ አየዋለሁ።)

በትከሻሽ ስፋት አራርቂያቸው፣ ትንሽ አዘንብያቸው፣ አንጓሽ ከክንድሽ ጋር ቀጥ እስኪል ድረስ። ለተወሰነ ጊዜ ጻፊበት። ካልተመቸሽ ብር አልወጣም፣ ከተመቸሽ ደግሞ በምን ያህል ርቀትና በምን ያህል ዘንበል እንደሚሻልሽ ሳትሠሪው ታውቂያለሽ።

ጠረጴዛውንም ተመልከቺ። ጽሕፈት ቤቶቻችን ውስጥ ጠረጴዛው የምግብ፣ ወንበሩ የቡና ነው። ክርንሽ ከኪቦርዱ በታች ከሆነ የፈለገው ኪቦርድ ቢመጣ አንጓሽ ወደ ላይ መታጠፉ አይቀርም።


ካቻቢቴ_ኮምቦልቻ፦

ሐረጎ ያለው ልክ ነው፣ እሱን ሞክሪና ተመለሺ። እኔ አንድ ሠርቼ እየተጠቀምኩበት ስለሆነ የዕቃውን ነገር ላስረዳሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና አስፈልተሽ አንብቢው።

ከውስጥ ሲታይ ኪቦርድ የማብሪያ ማጥፊያ ስብስብ ነው። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን ሽቦ መስጠት ስለማይቻል ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ ይታሰራሉ። ቺፑ ዓምዶቹን በየተራ እየነካ የትኛው ረድፍ እንደመለሰ ያያል። ይህንን በጣም በፍጥነት ስለሚያደርገው አንቺ አይታወቅሽም። ችግሩ፣ የአራት ማዕዘን ሦስት ጥግ የሆኑ ቁልፎች አብረው ከተጫኑ ያልነካሽው አራተኛው ጥግም እንደተነካ ይቆጠራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁልፍ እግር ላይ አንድ ዳዮድ ይገባል፣ ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ።

ዳዮዱ 1ኤን4148 የሚባለው ነው፤ ትንሽዬ፣ ብርጭቆ ለበስ፣ ብርቱካንማ ሆኖ ጥቁር ቀለበት ያለው። ወንድምሽ ያውቀዋል። ሱቅ ከጠፋ የድሮ ሬዲዮና ቲቪ ቦርድ ላይ አይጠፋም። የጥገና ቤቱ ሰው "ይሄም ያው ነው" ብሎ 1ኤን4007 ሊሰጥሽ ይችላል። እሱ ለፓወር ሰፕላይ ነው። እግሩ ወፍራም ስለሆነ ቁልፉ ላይ ለመጠምዘዝ ያስቸግራል፣ ሲዘጋም ዝግ ይላል። አትቀበዪ። ሁሉም ዳዮድ ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር አለበት። ጥቁሩ ቀለበት ወደ ረድፉ ሽቦ ካለ ሁሉም ጋ ወደ ረድፉ ይሁን።

ቺፑ፦ ራስፕቤሪ ፒ ፒኮ። 2021 ላይ ሲወጣ ዋጋው 4 ዶላር ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ያው እንደምታውቂው ነው፣ ግን አሁንም ከርካሾቹ ውስጥ ነው። ሁለት ያስፈልግሻል፣ ለግራ አንድ ለቀኝ አንድ። ጅዳ ወይም ዱባይ ዘመድ የሌለው ወሎዬ አላውቅም፣ ሁለቱ ተደምረው ክብደታቸው ምንም ስለሆነ ይዞ የሚመጣ ሰው አይከፋውም። አዲስ አበባም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ያመጡታል። የሚሰካው በድሮው የሞባይል ቻርጀር ገመድ ነው፣ ማይክሮ ዩኤስቢ። አንዳንዱ ገመድ ቻርጅ ብቻ አድርጎ ዳታ ስለማያሳልፍ ፋይል የሚያስተላልፍ መሆኑን አረጋግጪ።

ቁልፎቹን አዲስ አትግዢ። ያገለገለ ሜካኒካል ኪቦርድ ፈልጊ፣ ጌም የሚጫወቱ ልጆች የሚሸጡትን። 87 ቁልፍ ያለው አንዱ ይተርፍሻል። ያለ ብየዳ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ደግሞ ግልግል ነው። ቀለሙን እዪ። ሰማያዊው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ደንበኛ በስልክ ሲያወራ ጠብ ያስነሣል። ቀዩ ዝም ያለና ለስላሳ ነው፣ ወደ 45 ግራም ጉልበት ይበቃዋል። ለሚያመው እጅ ቀዩን እመርጣለሁ።

ቁልፎቹ የሚቀመጡበት ሰሌዳ ላይ እያንዳንዱ ቀዳዳ 14 ሚሊ በ14 ሚሊ፣ ከአንዱ መሀል እስከ ቀጣዩ መሀል 19.05 ሚሊ። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ከሆነ ቁልፉ ራሱ ቀጭ ብሎ ይይዛል። 3 ሚሊ አክሪሊክ ወይም ቀጭን ኮምፔንሳቶ ላይ ግን አይይዝም፣ ከታች በሆት ግሉ ማጣበቅ ነው። እኔ አክሪሊክ ነው የተጠቀምኩት፣ እዚህ ኮምቦልቻ ማስታወቂያ የሚሠራ ቤት በሌዘር ቆርጦልኝ። ሌዘሩ ራሱ ጫፉን ትንሽ ስለሚበላ 14 ብለሽ ከሳልሽው ቀዳዳው ይሰፋል። መጀመሪያ በቁራጭ ላይ 13.8፣ 13.9 እና 14 አስቆርጪና ቁልፍ ሰክተሽ ሞክሪ። ቁራጭ ስለሆነ ብዙ አይጠይቁሽም። በሴጌቶና በሞረድ ልሥራው ካልሽም ይቻላል፣ ግን 56 ቀዳዳ ነው፣ አንጓሽን ለማዳን ብለሽ አንጓሽን ትጨርሺዋለሽ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ወረቀት። ፕሪንተር አለሽ አይደል? እጅሽን ኤ4 ላይ ዘና አድርገሽ አስቀምጪና ዙሪያውን በእርሳስ ሳዪው። የመሀል ጣትሽ ከትንሿ ጣት ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚደርስ ታያለሽ። ዓምዶቹን እንደዚያ ከፍና ዝቅ አድርጊያቸው። ተራው ኪቦርድ ላይ ረድፎቹ ወደ ጎን የተንሸራተቱት ከጽሕፈት መኪና ዘመን በተረፈ ነገር ነው፤ ያኔ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የብረት ክንድ ነበረ። ያንቺ ጣት ግን የሚታጠፈው ቀጥታ ነው። ሥዕሉን ስታትሚ የኅትመት መጠኑ 100 ፐርሰንት ላይ ይሁን፣ ገጹን ሙላ የሚለው ካለ አጥፊው። ካርቶን ላይ ለጥፊው፣ የቁልፍ ክዳኖቹን ደርድሪና በባዶው "ጻፊበት"። የማይመች ነገር ካለ ወረቀት ላይ ነው የሚታረመው።


ዋይፋይ_የለም፦

ሁለት ፒኮ ለምን? አንዱ ላይ አድርገሽ ሌላውን ግማሽ በኔትወርክ ኬብል ብታገናኚው አይሆንም? ኬብል እንደሆነ የትም አለ።


ካቻቢቴ_ኮምቦልቻ፦

@ዋይፋይ_የለም አሪፍ ሐሳብ ነው፣ ሒሳቡ ግን አይሞላም። የኔትወርክ ኬብል 8 ሽቦ አለው። ቢበዛ አራቱ ለረድፍ፣ አራቱ ለዓምድ ሲሆን 16 ቁልፍ ነው። እሷ ቁጥሮቹንም ትፈልጋለች፤ የክስ ማመልከቻ ያለ ቀንና ያለ ብር መጠን የለም። በየግማሹ 4 ረድፍ በ6፣ ከሥር 4 የአውራ ጣት ቁልፍ፣ 28። ያ 5 ረድፍና 6 ዓምድ፣ 11 ሽቦ ነው። ፒኮው ለዚህ የሚሆን 26 እግር ስላለው በየግማሹ 11 ቀላል ነው፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስት ሽቦ ብቻ ይበቃል፦ ፓወር፣ ግራውንድና ዳታ። ኬብሉን ግን አትጣዪው። አንድ ወጥ የመዳብ ሽቦ (ብዙ ቀጭን ክር ያልሆነ) ያለው ከሆነ ተልጦ ረድፎቹን ለማሰር ከሱ የሚሻል የለም።

ለመካከለኛው ገመድ ብዙዎች የኢርፎን ዓይነት ጃክ ይጠቀማሉ፣ እኔ አልወደውም። ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ ሲሰካና ሲነቀል ፓወሩና ግራውንዱ ሊነካኩ ይችላሉ። ከዚያ የቺፕ ለቅሶ ነው። የድሮ የጠረጴዛ ስልክ ካለሽ፣ እጀታውን የሚያገናኘው ጥምዝምዝ ገመድ 4 ሽቦ አለው፣ መሰኪያውም ቀጭ ብሎ ይይዛል፣ ሲሰካም እንደ ጃኩ እርስ በርስ አያነካካም። ሶኬቱን ከስልኩ ሆድ ነቅለሽ ታወጫለሽ። አንድ ነገር ብቻ፣ አብዛኛው የእጀታ ገመድ ጫፍና ጫፉ የተገለባበጠ ነው፤ እዚህ ጋ አንደኛ የሆነው ሽቦ እዚያ ጋ አራተኛ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ወንድምሽ በቴስተር ሳይለካ ፓወር እንዳታስገቡ። ዩኤስቢውንም ሁለቱም ፒኮ ላይ በአንድ ጊዜ አትሰኩ፣ ግራው ላይ ብቻ።


ቤተ_ፊደል፦

"አማርኛ ይጽፋል ወይ" ላልሽው ማንም አልመለሰም፣ እኔ ልሞክር።

ኪቦርዱ ቋንቋ አያውቅም። የኤ (A) ቁልፍን ስትመቺ ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው "ቁጥር 4 ተነካ" የሚል መልእክት ነው። ያንን ወደ ፊደል የሚቀይረው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው፣ ኪማንም በይው ፓወር ግዕዝ። ስለዚህ የሠራሽው ኪቦርድ ተራ ኪቦርድ የሚልከውን ከላከ አማርኛሽ እንደነበረ ይቀጥላል። አንዳንዱ ሰው ፊደሉን ራሱ ቺፑ ውስጥ ለመክተት ይሞክራል። ይቻላል፣ ግን ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ እያንዳንዳቸው ሌላ ዘዴ ስለሚጠይቁ ራስ ምታት ነው። አትግቢበት።

አሁን ወደ ሕመምሽ ልምጣ፣ ምክንያቱም ስታነቢው ትስቂያለሽ። በድምፅ አጻጻፍ ነው የምትጽፊው ብዬ ልገምት፣ ጥ በሺፍትና ቲ፣ ጭ በሺፍትና ሲ፣ ኝ በሺፍትና ኤን (N)። እስቲ "ጣ" ብለሽ ጻፊና እጅሽን ተመልከቺ። ግራ ትንሿ ጣት ወርዳ ሺፍትን ትይዛለች፣ ሌባ ጣት ተዘርግታ ቲን ትመታለች፣ ከዚያ ያችው ትንሿ ጣት ሺፍትን ለቃ ወደ ላይ ተመልሳ የኤ (A) ቁልፍን ትመታለች። ለአንድ ፊደል! "ጠበቃ"፣ "ጣልቃ ገብ"፣ "ውጤት"... ቀኑን ሙሉ ይህ ነው። እንግሊዝኛ ጸሐፊ ሺፍት የሚነካው ለዓረፍተ ነገር መነሻና ለስም ነው። እኛ በቃል መሀል ነው የምንነካው። የሚነድሽ ደግሞ የትኛው እጅ ነው? የትኛው ወገን?

የተከፈለ ኪቦርድ ጥቅሙ መከፈሉ ብቻ አይደለም። ለአማርኛ ትልቁ ነገር አውራ ጣት ነው። ተራው ኪቦርድ ላይ ሁለቱ ጠንካራ ጣቶች አንድ ስፔስ ይዘው ሥራ ፈት ሆነው ይውላሉ። ካቻቢቴ ካለው 4 የአውራ ጣት ቁልፍ አንዱን ሺፍት አድርጊው። ኪውኤምኬ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም (ፒኮው ላይ የሚጫነው እሱ ነው) አንድ ጊዜ ነክተሽ ስትለቂው ለሚቀጥለው ፊደል ብቻ የሚሠራ ሺፍትም አለው። ይዘሽ መቆየት አይጠበቅብሽም፤ አውራ ጣት፣ ቲ፣ ኤ፣ አለቀ።

ሌላው አራት ነጥብ ነው። በኪማን ኮለንን ሁለቴ በመምታት ነው የሚወጣው፣ ያ ማለት በቀኝ ትንሿ ጣት በኩል ሁለት ምት፣ በዚያ ላይ ሺፍት። አንድ ቁልፍ ሲነካ ኮለን ሁለቴ እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል፣ ኪማን የመጣለትን ተቀብሎ ። ያደርገዋል። እንግሊዝኛና አማርኛ መቀያየሪያውንም እንደዚሁ አንድ ቁልፍ ላይ አድርጊው። የተማሪ ጽሑፍ ላይ በየመስመሩ ነው የምትቀያይሪው መቼም።

ቪያል የሚባል ተጨማሪ አለ፣ ቁልፎቹን በመስኮት ላይ በማውዝ እየጎተትሽ ቦታ ትቀያይሪያለሽ። እሱን የሚደግፍ አድርጋችሁ ጫኑት፣ አለዚያ አንዲት ቁልፍ ለመቀየር በየጊዜው እንደ አዲስ መጫን ነው።


ፊዚዮ_ነኝ፦

ልረብሽ አይደለም ግን ማለት ያለብኝን ልበል። የተከፈለ ኪቦርድ አንጓ ወደ ጎን እንዳይታጠፍ ይረዳል፣ ይህ እውነት ነው። ሕመም ያድናል የሚል ጠንካራ ማስረጃ ግን የለም፤ የሚስማማው አለ፣ ለውጥ የማያይም አለ።

እህቴ አንድ ነገር ለዪ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ማታ የሚደነዝዙ ከሆነ አንጓ ላይ የተጫነ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ትንሿና የቀለበት ጣት ከሆኑ ሌላ ነርቭ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚጫነው ክርን ላይ ነው፤ ክርንሽን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስደግፈሽ ከሆነ የምትጽፊው እሱን ዛሬውኑ ተዪ። መደንዘዝ ካለ ወይም ብርጭቆ ከእጅሽ የሚያመልጥ ከሆነ ኪቦርዱ እስኪያልቅ አትጠብቂ፣ ሐኪም ጋ ሄደሽ ታዪ። ማቃጠል ብቻ ከሆነም ከማመልከቻ ማመልከቻ መሀል እጅሽን አሳርፊ። ደንበኛው ይጠብቅ።


ጸሐፊዋ_ከፒያሳ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ሁለት ኪቦርድ አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ። ደንበኛ ሁሉ "ምነው አንቺ ኦርጋን ልትጫወቺ ነው?" ይለኛል። ትከሻዬ ቀለለኝ፣ ያቺ ትንሿ ጣት ግን እንዳለች ናት፤ ቤተ_ፊደል ያለው ገባኝ። "ጣልቃ ገብ" ብዬ ጽፌ እጄን ሳየው በእውነት ሳቅኩ። ፊዚዮ፣ ድንዛዜ የለም፣ ክርኔን ግን ጠርዝ ላይ ነው የማሳርፈው። ፎጣ አጥፌ ከሥሩ አደረግኩበት፣ ወንበሩንም ቀየርኩ።

ወንድሜ ዳዮዱን ከሞተ ቲቪ ላይ እየነቀለ ነው። የስልክ ገመድም አለን፣ አባቴ ምንም ነገር አይጥልም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሺፍቱን በየትኛው አውራ ጣት ላድርገው? ደግሞ ካቻቢቴ፣ ለማስቆረጥ ኮምቦልቻ ልውረድ ወይስ ፋይሉን በቴሌግራም ልላክልህ?


ቤተ_ፊደል፦

ስፔስ የምትመቺው በየትኛው አውራ ጣት እንደሆነ ሳታስቢ ጻፊና እዪ። አብዛኛው ሰው በአንዱ ብቻ ነው የሚመታው። ሺፍቱን ለሌላኛው ስጪው። የድሮውን ሺፍት ግን ወዲያው አጥፊው፣ ቁልፉ ምንም እንዳይልክ አድርጊ። ካለ ጣትሽ መሄዱን አይተውም።


ካቻቢቴ_ኮምቦልቻ፦

ቅዳሜ ውረጂ ባይ ነኝ። በቴሌግራም ቢላክም ልኩ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ቁልፉ ሲሰካ ነው፣ እና የሙከራ ቁራጩን እዚያው ቆመሽ ብትሞክሪው ይሻላል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ምሳ ሳይደርስ ትገቢያለሽ፣ ጃኬትሽን እዚያው ተዪው፣ እዚህ ሙቀት ነው። ሁለት ሦስት ቁልፍ፣ የታተመውን ወረቀትና ፋይሉን በፍላሽ ይዘሽ ነይ። ፍላሹን መጀመሪያ ስካን አድርጊው ታዲያ፤ የጽሕፈት ቤት ፍላሽ አውቀዋለሁ፣ የሌዘሩ ሰውዬም ያውቀዋል፣ በሩ ላይ ለጥፎታል።